ትንሿ ምድር በመስታወት ሣጥን ውስጥ

ከ1994 እስከ 2017 ኖርዌይ ውስጥ የኖረ ሐበሻ ክሪስቲያን ቢርከላንድን ሳያውቀው በኪሱ ይዞት ዞሯል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በባለ 200 ክሮነሩ ኖት ላይ ያለው መላጣ፣ ባለመነጽር ሰው እሱ ነው። ኖቱ ሲገለበጥ የሰሜን ዋልታ አካባቢ ካርታ ይታያል፤ ዋልታውን አንድ ቀለበት ይከበዋል። በ2017 በወጣው አዲስ ኖት ላይ የሰውዬውን ቦታ ዓሣ ወሰደው። ቀለበቱ የሰሜን ብርሃን፣ አውሮራ የሚሉት፣ አዘውትሮ የሚታይበት የምድር መቀነት ነው። ይህ መቀነት መኖሩ ከቢርከላንድ በፊትም በካርታ ላይ ተነድፎ ነበር። እሱ ያደረገው ሌላ ነገር ነው፤ ቀለበቱን ከጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ሣጥን ውስጥ ሠርቶ አበራው።

ስለ ቢርከላንድ የሚነገረው ታሪክ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ዓለም ያልተረዳው ሊቅ፣ የናቁት እንግሊዞች፣ በሰው አገር ብቸኛ ሞት፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በሳተላይት የመጣ ፍርድ። አብዛኛው እውነት ነው። ነገር ግን ታሪኩ እንዲህ ሲነገር ዋናው ጥያቄ ይቀበራል። አንድ ሰው ሰማይ ላይ ያየውን ነገር የሚመስል ነገር በቤተ ሙከራው ውስጥ ቢሠራ፣ ስለ ሰማዩ ምን አወቀ? መመሳሰል ማስረጃ ይሆናል? ይህ ጥያቄ ለቢርከላንድ የሕይወቱ ጥያቄ ነበር፤ የመለሰውም ግማሹን ልክ፣ ግማሹን ስህተት ሆኖ ነው። ልኩንም ስህተቱንም የሰጠው ያው ሣጥን መሆኑ ነው ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው።

በሣጥኑ ውስጥ የሚበራው ነገር ዛሬ ፕላዝማ ይባላል። ፕላዝማን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መብረቅ ፕላዝማ ነው፤ ብየዳ ቤት ደጃፍ ላይ ዓይን የሚወጋው ብልጭታም እንዲሁ። ጋዝ እጅግ ሲሞቅ ወይም ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት አተሞቹ ኤሌክትሮኖቻቸውን ይለቃሉ። ከዚያ ወዲያ ተራ አየር መሆኑ ያበቃል፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ማግኔት መንገዱን ያስቀይረዋል፣ እሱም በተራው የራሱን መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ፀሐይ ፕላዝማ ናት፤ ከእሷ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ሳያቋርጥ የሚነፍሰው ነፋስም ፕላዝማ ነው። በ1890ዎቹ ግን ቃሉ ለዚህ ነገር ገና አልተሰጠም። በምድርና በፀሐይ መካከል ያለው ቦታም ባዶ እንደሆነ ነበር የሚታመነው።

ያንን እምነት ከጠበቁት አንዱ በዘመኑ የፊዚክስ አባት ተደርጎ ይታይ የነበረው ሎርድ ኬልቪን ነው። በፀሐይ ላይ ነቁጦች ሲበዙ የኮምፓስ መርፌዎች በየአገሩ እንደሚርበተበቱ፣ የሰሜን ብርሃንም እንደሚደምቅ ሰዎች ካስተዋሉ ቆይተዋል። ኬልቪን በ1892 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሆኖ ባደረገው ንግግር ነገሩን በስሌት ዘጋው። ስምንት ሰዓት ለቆየ መካከለኛ መግነጢሳዊ ማዕበል ተጠያቂዋ ፀሐይ ብትሆን ኖሮ፣ በሙቀትና በብርሃን በአራት ወር የምታወጣውን ያህል ኃይል በእነዚያ ሰዓታት ማውጣት ነበረባት አለ። ስለዚህ ግንኙነቱ አጋጣሚ ነው። ስሌቱ በራሱ አልተሳሳተም። የተሳሳተው መነሻው ነው፤ ፀሐይ ተጽዕኖዋን ማዕበል አድርጋ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ትበትናለች ብሎ ነበር የጀመረው።

ቢርከላንድ በ1867 በክሪስቲያኒያ፣ በዛሬዋ ኦስሎ፣ ተወለደ። ፓሪስ ውስጥ ከአንሪ ፖንካሬ፣ ቦን ውስጥ ከሃይንሪሽ ሄርትዝ ዘንድ ተምሯል፤ በ1895 የማክስዌልን እኩልታዎች አጠቃላይ መፍትሔ ያሳተመ፣ በሒሳቡ የማይታማ ሰው ነበር። በዚያው ሰሞን አየሩ በተመጠጠ የመስታወት ቱቦ ውስጥ የካቶድ ጨረር እየለቀቀ ይሞክር ነበር። ጨረሩ የኤሌክትሮኖች ጅረት መሆኑ በሰፊው የታወቀው ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ነው። ወደ ቱቦው ማግኔት ሲያስጠጋ ጨረሩ፣ ብርሃን በአጉሊ መነጽር እንደሚሰበሰብ፣ ወደ ማግኔቱ ጫፍ ተሰበሰበ። ከዚህ ቢርከላንድ በ1896 አንድ ዝላይ ዘለለ። ምድር ማግኔት ናት፤ ፀሐይ እንዲህ ያለ ጨረር ብትልክ ጨረሩ በዋልታዎቹ ይሰበሰባል፤ ከላይኛው አየር ጋር ሲጋጭ ያበራል፤ የሰሜን ብርሃንም ይኸው ነው። የኬልቪን አራት ወርም በዚህ ይቀልላል፤ የተቀጠነ ጅረት ወደ ሁሉም አቅጣጫ መበተን አያስፈልገውም።

ሐሳቡን ለመፈተን ምድርን መሥራት ፈለገ። ሥራው ቀዳሚ ነበረው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጊልበርት በ1600 ባሳተመው መጽሐፍ ከማግኔት ድንጋይ የተሠራ ኳስ ላይ ትንሽ መርፌ እያዞረ፣ መርፌዋ በእውነተኛው ምድር ላይ እንደሚሆነው ስትዘቀዝቅ አሳይቶ ነበር። ኳሱን ቴሬላ፣ በላቲን ትንሿ ምድር፣ አላት። ቢርከላንድ ስሙን ወስዶ ኳሷን በመስታወት ሣጥን ውስጥ አንጠለጠላት። በኳሷ ሆድ የኤሌክትሪክ ማግኔት አለ፤ ገጿ ጨረር ሲነካው የሚያበራ ቀለም ተቀብቷል። ፓምፕ ከሣጥኑ አየሩን ይመጥጣል፣ በአንድ ወገን ያለው ካቶድ የፀሐይን ቦታ ይይዛል፣ ክፍሉ ይጨልማል። ማግኔቱ ሳይከፈት የኳሷ አንድ ፊት በሙሉ ያበራል። ማግኔቱ ሲከፈት ብርሃኑ ከወገቧ ይሸሽና በሁለቱ ዋልታዎች ዙሪያ ሁለት ቀለበት ሆኖ ይቀራል።

ያን ብርሃን ያዩ ሰዎች ምን እንደተሰማቸው መገመት አያስቸግርም። በሺህ ዓመታት አፈ ታሪክ የተጠቀለለ፣ የሙታን ነፍስ ነው፣ የጦርነት ምልክት ነው ሲባል የኖረ ነገር በማብሪያ ማጥፊያ የሚታዘዝ ሆነ። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው የሚጀምረው።

ይሁን እንጂ ቢርከላንድን በሣጥኑ ፍቅር የታወረ አድርጎ ማቅረብ ግፍ ይሆናል። አምሳያው ብቻውን እንደማይበቃ ያውቅ ነበር፤ ወደ ዋናው ነገር ወጥቷል፣ ዋጋም አስከፍሎታል። በሰሜን ኖርዌይ አልታ አጠገብ ባለው የሀልደ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል 900 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ በ1899 የድንጋይ ቤት አሠርቶ ክረምቱን ከረዳቶቹ ጋር እዚያ አሳለፈ። ለሰሜን ብርሃን ጥናት ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ቋሚ ጣቢያ ይኸው ነው። ከዚያ ቀደም ባለ ጉዞ ብየርን ሄላንድ ሀንሰን የተባለው የሕክምና ተማሪ ጣቶቹን ውርጭ በልቶበት ሐኪም የመሆን ሐሳቡን ለመተው ተገድዷል፤ (ኋላ የታወቀ የባሕር ሳይንስ ሊቅ ሆነ።) በሀልደው ክረምት ደግሞ ወጣቱ ረዳት ኤሊሳር ቦዬ በበረዶ ናዳ ሞተ። በመስታወት ሣጥኑ ውስጥ ለምትታየው ጥቂት ሴንቲሜትር ቀለበት የተከፈለው ሒሳብ ይህንንም ይጨምራል።

በ1902 እና 1903 ክረምት በአራት ቦታዎች፣ በኖርዌይ፣ በአይስላንድ፣ በስፒትስበርገን እና በሩሲያዋ ኖቫያ ዜምልያ ጣቢያ ተክሎ የመርፌዎችን እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ አስመዘገበ። መዝገቦቹን ከሌሎች አገሮች ጣቢያዎች ጋር ሲያነጻጽር፣ ከምድር በላይ መቶና ከዚያም በላይ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ እጅግ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት እንደሚያልፍ ደረሰበት። ፍሰቱ ከየት ይመጣል? ቢርከላንድ በ1908 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ፣ በምድር የማግኔት መስመሮች ተከትሎ ከጠፈር ይወርዳል፣ ሰማዩ ላይ ጥቂት አግድም ይጓዛል፣ ከዚያም በሌላ መስመር ወደ ጠፈር ይመለሳል አለ። ይህ ዓረፍተ ነገር ነው ኋላ ስሙን ያነሣው። ሣጥኑ አግዞታል፤ ነገር ግን የወጣው ከሣጥኑ ብቻ ሳይሆን ከመርፌዎቹም ነው።

ሙከራ ገንዘብ ይበላል፤ የቢርከላንድ ገንዘብ የመጣበት መንገድ ደግሞ ከማንኛውም ልብ ወለድ የባሰ ነው። ጥይትን ያለ ባሩድ፣ በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚወረውር መድፍ ፈልስፎ ኩባንያ አቋቋመ። በ1903 መጀመሪያ ላይ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ሹማምንት፣ ባለሀብቶችና የውጭ አገር የጦር መሣሪያ ገዢዎች በተሰበሰቡበት ሲተኩስ ማሽኑ አጭር ዑደት ፈጥሮ አስፈሪ ብልጭታና ድምፅ ለቀቀ፤ ተመልካቹ ተደናግጦ ተነሣ። የኩባንያው ዋጋ በዚያች ቅጽበት ወደቀ። በዚያው ሰሞን ግን በአንድ እራት ግብዣ ላይ መሐንዲሱ ሳም ኤይደ የሚፈልገውን ነገረው፤ በምድር ላይ ሊገኝ የሚችለውን ከሁሉ የበለጠ ኃይለኛ መብረቅ። አየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ከኦክስጅን ጋር አጋብቶ ማዳበሪያ ለመሥራት ነበር። ቢርከላንድ መብረቅ ሊሰጠው እንደሚችል መለሰ፤ መድፉን ያበላሸው እሱ አልነበረም እንዴ?

በማግኔት መካከል የተለኮሰ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ተዘርግቶ እንደ ምጣድ ክብ ይሆናል። ከ3,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚግለው ይህ የእሳት ምጣድ፣ በዛሬ ቋንቋ የፕላዝማ ምጣድ፣ የኖርስክ ሀይድሮ መነሻ ነው፤ ኩባንያው በ1905 ተመሠረተ። ማዳበሪያው በ2004 ተለይቶ ያራ የተባለ ኩባንያ ሆነ፤ በአፋር ዳሎል ፖታሽ ለማውጣት አቅዶ የነበረው ያራ ይኸው ነው። ምድጃው ራሱ በኤሌክትሪክ ፍጆታው ብዛት ጀርመኖቹ ባመጡት ዘዴ ተሸንፎ ከገበያ ወጥቷል። ለቢርከላንድ ግን ያመጣለት ድርሻ ሣጥኑን ለማስፋት በቃ። የመጀመሪያዎቹ ኳሶች ጥቂት ሴንቲሜትር ነበሩ። የመጨረሻው ሣጥን 1,000 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ወፍራም መስታወት ያለው፣ ኳሱም እስከ 36 ሴንቲሜትር የሚደርስ ሆነ።

ሣጥኑ ሲሰፋ ምኞቱም ሰፋ። ኳሷን ምድር ማድረጉን ትቶ ሌላ ሌላ ነገር ያደርጋት ጀመር። ኳሷን ራሷን ካቶድ ሲያደርጋት በገጿ ላይ ትንንሽ የብርሃን ነቁጦች ብቅ አሉ፤ የፀሐይ ነቁጦችን ይመስሉ ነበር። የኤሌክትሪኩንና የማግኔቱን ኃይል ሲለዋውጥ በወገቧ ዙሪያ ጠፍጣፋ የብርሃን ቀለበት ቆመ፤ ሳተርንን ቁርጥ። ከፀሐይ መውጣት በፊትና ከመጥለቅ በኋላ በሞቃት አገሮች ሰማይ ላይ እንደ ሾጣጣ ጭጋግ የሚታየውን የዞዲያክ ብርሃንም ከዚያው ቀለበት አገኘው። ፎቶግራፍ አነሣቸው። ዛሬም ሲታዩ ያስደንቃሉ፤ ከስንት አሥርት ዓመታት በኋላ መንኮራኩሮች ከላኳቸው ምስሎች አጠገብ ቢቀመጡ ዓይን ይታለላል።

ነገር ግን የሳተርን ቀለበቶች ኤሌክትሪክ አይደሉም። ማክስዌል በ1859 ቀለበቶቹ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ከሚዞሩ እልፍ አእላፍ ቁርጥራጮች የተሠሩ መሆን እንዳለባቸው በስሌት አሳይቶ ነበር፤ ዛሬ ቁርጥራጮቹ አብዛኛው በረዶ መሆናቸው ይታወቃል፤ የያዛቸውም የስበት ኃይል ነው። የዞዲያክ ብርሃን ደግሞ የፀሐይ ብርሃን በአቧራ ላይ ሲያርፍ የሚታይ ነጸብራቅ ነው። ካሲኒ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የገመተው ከቢርከላንድ ሣጥን ይልቅ እውነቱን ይቀርብ ነበር። ሣጥኑ የሰሜን ብርሃንን ቀለበትና የሳተርንን ቀለበት በአንድ ዓይነት ግርማ፣ በአንድ ዓይነት ቀለም አሳይቷል። የትኛው እውነት፣ የትኛው መምሰል ብቻ እንደሆነ የሚናገር ምንም ነገር ግን በውስጡ አልነበረም። የቢርከላንድ አድናቂዎች የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ ያሳያሉ፤ ሁለተኛውን ሲያልፉት የሚታየው ጥድፊያ ትንሽ ያስተዛዝባል።

የዞዲያክን ብርሃን ፍለጋ ወደ ግብጽና ሱዳን ወሰደው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ግብጽ ውስጥ አገኘው። እንቅልፍ እምቢ ብሎታል፤ ቬሮናል የተባለውን የእንቅልፍ መድኃኒት ይወስዳል፤ እንግሊዞች ይከታተሉኛል የሚል ፍርሃት ይዞታል። ጦርነቱ የአውሮፓን መንገድ ስለዘጋ በጃፓን በኩል ዞሮ ሊገባ ተነሣ። ሰኔ 15 ቀን 1917 ቶኪዮ ውስጥ በሆቴል ክፍሉ ሞቶ ተገኘ፤ የወሰደው መድኃኒት ከታዘዘው እጅግ የበዛ ነበር። ዕድሜው 49 ነው። ቶኪዮ ላይ ያወቀው የፊዚክስ ሊቁና ደራሲው ቴራዳ ቶራሂኮ በ1935 አንድ ጽሑፍ አሳተመ፤ ርዕሱ «የፕሮፌሰር ቢ ሞት» ነው። ለኖቤል በተደጋጋሚ የታጨው፣ በአገሩ ገንዘብ ላይ ገና ያልተሣለው ሰው በጃፓንኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ በአንድ ፊደል ገባ።

ከሞተ በኋላ የሆነው ነው ብዙውን ጊዜ እንደ ግፍ የሚተረከው። ግፉ እንዳለ ሆኖ ተቺዎቹ ሞኞች አልነበሩም። አርተር ሹስተር በ1911 ቀላል ነገር አነሣ፤ ኤሌክትሮኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ሙል ስላላቸው እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ ከፀሐይ የተነሣ የኤሌክትሮን ጅረት ምድር ሳይደርስ ይበተናል። በሣጥኑ ውስጥ ርቀቱ አንድ ክንድ ስለሆነ ይህ አይታይም፤ በ150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ግን ሁሉ ነገር ነው። ቢርከላንድም ይህን ሳይሰማ አልቀረም፤ ከፀሐይ የሚመጣው አሉታዊም አዎንታዊም ሙል የያዘ ድብልቅ ነው ወደሚል ሐሳብ በመጨረሻ ዓመታቱ ደርሶ ነበር። የአገሩ ልጅ ካርል ስቶርመር በሣጥኑ ተማርኮ የእያንዳንዷን ቅንጣት መንገድ በእጅ ለማስላት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዓታት አፈሰሰ። ከሣጥኑ ጋር የሚገጥም የሚያምር ሒሳብ አገኘ። ወደ እውነተኛው ምድር ሲያመጣው ግን ቀለበቱ ከዋልታው እጅግ የተጠጋ ሆኖ ወጣ፤ እውነተኛው መቀነት ከዚያ ብዙ ይርቃል። አምሳያውና ሒሳቡ ተስማምተው ሰማዩ አልተስማማም።

ከሁሉ የበረታው ተቃዋሚ እንግሊዛዊው ሲድኒ ቻፕማን ነው። ቻፕማን ከጠፈር የሚወርድ ፍሰት አያስፈልግም፤ መርፌዎቹን የሚያርበተብተው ሁሉ በላይኛው አየር ውስጥ አግድም እየዞረ የሚያልቅ ፍሰት ነው ይል ነበር። የሚያስቸግረው ነገር ሁለቱም ትክክል ሊመስሉ መቻላቸው ነው። ጃፓናዊው ናኦሺ ፉኩሺማ ኋላ እንዳሳየው፣ ቁልቁል የሚወርደው ፍሰት የሚፈጥረው መግነጢሳዊ ኃይል አብሮት ባለ ሌላ ፍሰት ኃይል ይጣፋል፤ ምድር ላይ ቆሞ የሚለካ ሰው የሚያየው የቻፕማንን ሥዕል ብቻ ነው። ስለዚህ የቢርከላንድን መርፌዎች ይዞ ቻፕማንን መርታት አይቻልም ነበር። ቻፕማን በሌላ ቦታ በእርግጥ ልክ ነበር። ቀን ቀን በምድር የማግኔት ወገብ ላይ ከ100 ኪሎ ሜትር በጥቂት ከፍ ብሎ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጠባብ የኤሌክትሪክ ወንዝ አለ፤ በ1951 ስም ያወጣለት እሱ ነው። ወንዙ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ያልፋል። አዲስ አበባ ላይ በ1957 እና 58ቱ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሰሞን በካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን መሪነት የተጀመረው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከቀደሙት ሥራዎቹ አንዱ የማግኔት ልኬት የሆነውም አገሪቱ ለዚያ ወገብ ቅርብ በመሆኗ ነው።

ስዊድናዊው ሃንስ አልፍቬን ግን ቢርከላንድን አልጣለም። ስቶክሆልም ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር ሣጥኑን መልሶ አሠራው። ቻፕማን ለጉብኝት በመጣ ጊዜ ወርዶ እንዲያየው ቢለመን እምቢ አለ የሚል ወሬ በዘርፉ ሰዎች ዘንድ ይተረካል። እውነት ከሆነ እምቢታው ትዕቢት ብቻ ላይሆን ይችላል። አንድ ነገር እንደሚያሳምር የሚያውቅ፣ እንደሚያስረዳ ግን የሚጠራጠር ሰው ዓይኑን ቢጠብቅ አያስደንቅም።

ክርክሩን የዘጋው ማንኛውም ሣጥን ሳይሆን ወደ ቦታው የሄደ መሣሪያ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ አንድ የአሜሪካ ሳተላይት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ በሰሜን ብርሃን መቀነት ላይ ሲያልፍ የመግነጢሳዊ መስኩን አቅጣጫ የሚያጣምም ነገር መዘገበ። መጀመሪያ ማዕበል ነው ተባለ። በ1967 ካሚንግስና ዴስለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ቢርከላንድ የነገረን ቁልቁል የሚወርደው ፍሰት ነው አሉ። በ1970ዎቹ ትራያድ የተባለችው ሳተላይት መውረጃውንና መውጫውን በካርታ አስቀመጠችው፤ ዛሬ በመላው ዓለም የቢርከላንድ ፍሰት ይባላል። ሆኖም ፍሰቱ ልክ ሆኖ ምክንያቱ ሌላ ሆነ። የሰሜን ብርሃንን የሚያበሩት ኤሌክትሮኖች ከፀሐይ በቀጥታ የሚተኮሱ አይደሉም። የፀሐይ ነፋስ የምድርን የማግኔት ሽፋን ይገፋል፣ ይለጥጣል፣ ኃይል ያጠራቅምበታል፤ ኤሌክትሮኖቹ የሚፈጥኑት እዚያው ውስጥ፣ ከምድር በሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ካቶዱ ፀሐይ አልነበረም ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ጠፈርን በቤተ ሙከራ የሚሠሩ ሰዎች አሠራራቸውን ቀየሩ። ምድርን 36 ሴንቲሜትር ለማድረግ 35 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ማሳነስ ያስፈልጋል። ርዝመት በዚህ መጠን ሲያንስ ጊዜ፣ የቅንጣቶቹ ብዛት፣ የማግኔቱ ጉልበትም አብረው መለወጥ አለባቸው፤ ሁሉንም በአንድ ላይ በትክክል መለወጥ የሚችል ሣጥን የለም። ስለዚህ ሁሉንም ለማስመሰል መሞከሩ ቀረ። ተመራማሪው ከሰማዩ አንዲት ጥያቄ ቆርጦ ይወስዳል፣ ያችን ጥያቄ የሚወስኑትን ጥቂት ንጽጽሮች፣ ለምሳሌ የማዕበሉን ፍጥነት ከኤሌክትሮኖቹ ፍጥነት ጋር፣ እንደ ሰማዩ ያደርጋል፤ ሌላው መልኩን ቢያጣ ግድ የለውም። አልፍቬን በ1942 በወረቀት ላይ የገመተው፣ በማግኔት መስመሮች ላይ እንደ ክራር ጅማት የሚርገበገብ ማዕበል፣ ስቶክሆልም ውስጥ በ1949 በስቲግ ሉንድክቪስት እጅ የተፈተነው በባዝቃ ውስጥ ነው። ባዝቃ ፕላዝማ አይደለም፣ ሰማይንም አይመስልም። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ይፈስሳል፤ ለዚያ ጥያቄ ይህ በቂ ነበር።

የቢርከላንድ የመጀመሪያ ጥያቄም፣ ኤሌክትሮኖቹን ማን ነው የሚያፈጥናቸው የሚለው፣ በዚሁ መንገድ ተመልሶ መጣ። በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 20 ሜትር ገደማ የሚረዝም የፕላዝማ ማሽን አለ። ተመራማሪዎች በዚህ ማሽን ውስጥ የአልፍቬንን ማዕበል ለቀው፣ ጥቂት ኤሌክትሮኖች ማዕበሉን ተንተርሰው፣ የባሕር ሞገድ እንደሚጋልብ ዋናተኛ ሲፈጥኑ ለኩ፤ ውጤቱ በ2021 ታተመ። በእውነተኛው ሰማይ ላይ እንዲህ የሚፈጥን ኤሌክትሮን በሰከንድ 20,000 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። የሰሜን ብርሃን የሚበራበት መንገድ ይህ ብቻ አይደለም፤ አንዱ መንገድ መሆኑ ግን ከዚያ በፊት በቀጥታ ልኬት አልተረጋገጠም ነበር።

ከቢርከላንድ ሣጥኖች አንዱ ዛሬ ትሮምሶ ውስጥ ተጠግኖ ይሠራል፤ ክፍሉ ሲጨልም ሁለቱ ቀለበቶች ሐምራዊ ሆነው ይወጣሉ፣ ጎብኚዎችም ስልካቸውን ያነሣሉ። የሎስ አንጀለሱ ማሽን ግን ፎቶግራፍ የሚያስነሣ አይደለም። በመዳብ ጥቅል የተከበበ ረጅም የብረት ቱቦ ነው፤ በውስጡ ኳስ የለም፣ ዋልታ የለም፣ ቀለበትም የለም፤ የሚወጣውም በኤሌክትሮኖች ፍጥነት ልክ ከፍ ዝቅ የሚል የግራፍ መስመር ነው።